ከመጋረጃው ማዶ ያለችው ሉማሜ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ጸጋው፣

እንደምን ሰነበትህ? ደህና እንደሆንህ አውቃለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ደውዬ አሥራ አንዱንም ጊዜ ዘግተህብኛልና፣ ሌላው ቢቀር ጣትህ ደህና ነው ማለት ነው። እንደ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ስልክ ቤት የሠራ ሰው፣ ባለቤቱ ሳይሰማው የሚጠራን ስልክና ባለቤቱ እያየው የሚጠራን ስልክ ለይቶ ያውቃል። ያንተ ሦስት ጊዜ ይጠራና በአራተኛው ቀጥ ይላል። ጉልበትህ ላይ አስቀምጠህ፣ «እንዳላማው» የሚለውን ስሜን አይተህ፣ መጀመሪያ «ይጩኽ ተወው» ብለህ፣ ኋላ ጩኸቱ ሲሰለችህ ነው የምትዘጋው። ተሳሳትሁ?

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍሁልህ። የሚኒባሱ ረዳት ለልጅህ ለአይናለም ይሰጣታል። ቀድደህ መጣል ትችላለህ፤ ግን የመድኃኒት ካርቶን እንኳ እስከ ታች ሳታነብ የማትጥል ሰው ስለሆንህ ብዙ አልሰጋም።

ጽሕፈቴን አይተህ «ይህን ዶሮ ነው የጫረው?» ሳትል አትቀርም። የልጅ ልጄ ወንጌላዊት «አባባ፣ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ በኮምፒውተር ልጻፍልዎት» ብላ ለምናኝ ነበር። እምቢ አልኋት። አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ለምን በእጄ እንደጻፍሁት ወደ ታች ትደርስበታለህ፤ አሁን ዘልለህ መጨረሻውን እንዳታይ፣ አመልህን አውቀዋለሁ።

ነገሩን ከመነሻው ልንገርህ። «አውቀዋለሁ» ትላለህ። አታውቀውም። አንተ የምታውቀው ከመጋረጃው ወዲያ የሆነውን ነው፤ ከመጋረጃው ወዲህ የሆነውን ግን የማውቀው እኔ ነኝ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ድሬዳዋ ምድር ባቡር አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግለህ፣ አንድ ካርቶን ሐዲድና ከስንዝር የማትረዝም ሎኮሞቲቭ ይዘህ ወደ አገርህ ስትመጣ፣ እኔ ባቡር የሚባል ነገር በፎቶግራፍ ብቻ የማውቅ ጡረተኛ ነበርሁ። የጓሮውን ክፍል ለቀቅሁልህ። ጎረቤቱ «ሁለት ሽማግሌ መጫወቻ ይዘው ተዘጉ» ብሎ ሳቀብን። ይስማው ደግሞ ከሁሉ በላይ ሳቀና በሦስተኛው ቅዳሜ «ትውልዴ ደጀን ነው፤ ለደጀን ጣቢያ ሹም አላስፈለጋችሁም?» ብሎ መጣ። ፋንታነሽ የስፌት አስተማሪ ነበረች፤ መጋረጃ ልትሰፋልን መጥታ የአማኑኤልን ጣቢያ ይዛ ቀረች። ደብረ ማርቆስ የእኔ ጣቢያ፣ ሉማሜ ያንተ ሆኑ።

ከደጀን እስከ አማኑኤል፣ ሐዲድ ነክቶት የማያውቀውን አገር፣ በሦስት ሜትር ተኩል ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። በዶሮ ሽቦ ላይ ጀሶ ለብጠን ጮቄን አቆምነው። ለባሕር ዛፉ የደረቀ ጦስኝ ተከልን፤ ክፍሉ እስከ ዛሬ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል። የሰርዲን ጣሳ ቀድደን፣ በማበጠሪያ ጥርስ እያሸበሸብን የገበያውን ቤት ሁሉ ቆርቆሮ አለበስነው። ሰዎቹን ፋንታነሽ ከሽቦና ከክር ሠራቻቸው፤ አንዱ ሰው የጣቴን አንድ አንጓ ያህላል። የእኔን ሆድ አስፍታ ነው የሠራችው። አሁንም ይቅር አላልኋትም።

አንተ ካመጣኸው ሁሉ ትልቁ ግን ደንቡ ነበር። ጣቢያና ጣቢያ እንዳይተያይ መሐሉ በመጋረጃ ይከለል አልህ። እኔ ሁለት አሮጌ የቤት ስልክ በሽቦ አያያዝሁልህ። ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠን፣ ትንፋሽህ እየተሰማኝ፣ በስልክ «ሉማሜ፣ ሰባት ፉርጎ ይዤ ልነሳ?» እልሃለሁ። «ና» ካላልኸኝ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። ባቡሩ ደርሶ ሁሉም ነገር ደህና ከሆነ ደግሞ «ደህና ገባ» ትለኛለህ፤ ያን ጊዜ በየደብተራችን እንጽፋለን። ገልጦ ማየት ክልክል ነው። «ባቡር ነጂ ፊቱን ብቻ ነው የሚያየው፤ ከጠመዝማዛው ወዲያ ያለውን በሰው ቃል አምኖ ነው የሚሄደው» ትለን ነበር። ስታስተምረን ፊትህ እንዴት ይኮሳተር እንደነበር! ቄስ ትመስለን ነበር።

አንድ ደንብ ግን የእኔ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሐዲድ የሳተ ባቡር የላከ ሹም ጣቢያውን ያስረክባል የሚለው። ሰነፍ እንዳይለምድብን ብዬ ነው ያወጣሁት። በ2015 ይስማው ሦስቱን ሞልቶ ደጀንን አስረከበ። ጣቱ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ፉርጎውን ሐዲድ ላይ በወጉ ማሳረፍ አቅቶት ነበር። ምን እንዳልሁት ታስታውሳለህ? «እጅህ እስክስታ ሲወርድ ባቡሩም አብሮ ይወርዳል፤ ጠጁን ቀንስ» አልሁት። ይስማው ጠጅ ቀምሶ አያውቅም። ፋንታነሽ አቀረቀረች። እኔ በቀልዴ እስክነፈርቅ ሳቅሁ። አንተ አልሳቅህም።

ለምን እንዳልሳቅህ ያን ቀን መጠርጠር ነበረብኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ሳልጠረጥር ያለፍሁት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጥርጣሬዬን በተራ ልናዘዝልህ።

ከደብረ ማርቆስ ሉማሜ ባቡሩ የሚፈጅበት አርባ ሰከንድ ነው። ከቆመ በኋላ በአንድ ደቂቃ ውስጥ «ደህና ገባ» ማለት ነበረብህ። ድሮ ትል ነበር። ኋላ ሁለት ደቂቃ ሆነ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አምስት። ከመጋረጃው ወዲያ ቀጭን የብረት ድምፅ እሰማለሁ፤ ትንፋሽህን ውጠህ የምትሠራው ነገር አለ።

«ሉማሜ! ምን ያዘህ?»

«መነጽሬን እየጠረግሁ ነው።»

በሳምንቱ «አስነጠሰኝ» አልኸኝ። በሌላው ቅዳሜ እግርህ ደነዘዘ። አንድ ቀን ደግሞ «የሉማሜ ሕዝብ ባቡር ለማየት ወጥቶ ሐዲዱን ዘጋብኝ» አልኸኝ፤ ፋንታነሽ ከአማኑኤል በኩል ስትስቅ ሰማኋት። እኔ አልሳቅሁም። ምክንያቶችህን ሁሉ ከነቀናቸው በቀን መቁጠሪያው ጀርባ እጽፍ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ምክንያት ሁለት ጊዜ አልደገምህም። ይህን ያህል ተጠንቅቆ የሚዋሽ ሰው ትልቅ ነገር ይዟል አልሁ።

ቀጥሎ ፉርጎዎቼ ሲመለሱ እግራቸው ሌላ ሆኖ ታየኝ። እግር የምንለው የብረት ጎማቸውን እንደሆነ ይህን ደብዳቤ ለምታነብልህ ለአይናለም ንገራት። ማንበብህን ለእሷ እንደምትተው ጠርጥሬያለሁና። የእኔዎቹ ወርቅማ፣ ጠርዛቸው ስስ፣ ወንጌላዊት በስልኳ አዝዛ ከቻይና ያስመጣችልኝ ናቸው። የሚመለሱት ግን ጠቆር ያሉ፣ ጠርዛቸው ጠለቅ ያለ፣ ካንተ ከአሮጌው ካርቶን የወጡ መሰሉኝ። በዓይኔ ብቻ ግን አላመንሁም። ወንጌላዊትን ቀይ የጥፍር ቀለም አምጪልኝ አልኋት።

«ለምን ፈለጉት አባባ?»

«ላገባ አስቤ ነው።»

«እጅዎን ግን እስቲ ወዲህ ያምጡ» አለችኝ። መድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመረች ወዲህ የሰው እጅና ምላስ ማየት ትወድዳለች። «ብርድ ነው» ብዬ ጋቢዬ ውስጥ ከተትሁት።

በእያንዳንዱ ጎማ ውስጠኛ ገጽ ላይ አንዳንድ ቀይ ነጥብ አደረግሁ። ቀለሙ አውራ ጣቴንም፣ ፉርጎውንም፣ ጠረጴዛውንም ነካ። ብሩሹ መጥፎ ነው ብዬ ብሩሹን ረገምሁት። በሁለተኛው ቅዳሜ አራተኛዋን ፉርጎ ገልብጬ ሳይ ቀይ ነጥቧ የለም። በቃ! ጸጋው የፉርጎዬን እግር እየነቀለ ይወስዳል አልሁ። ድሬዳዋ ያሉት የድሮ ወዳጆችህ ዘንድ ይልከዋል፣ ወይም ቤቱ ለብቻው ሌላ መስመር እየሠራ ነው። ይህ ሁለተኛው እንቅልፍ ነሳኝ። ያለ እኔ ሌላ ደብረ ማርቆስ!

መስከረም 24 ቀን። ከመስቀል በኋላ ያለችው ቅዳሜ። «ልነሳ?» አልሁህ፤ «ና» አልኸኝ፤ ላክሁ። ባቡሩ ቆመ። አንድ ደቂቃ። ሦስት ደቂቃ። ቀጭኗ ድምፅ ተሰማች። ተነሳሁና መጋረጃውን በአንድ ጊዜ ገለጥሁት።

መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ፣ አራተኛዋን ፉርጎ እንደታመመች ጫጩት በመዳፍህ ላይ አንጋልለሃት ነበር።

«ሌባ!» አልሁህ።

«ምን አልህ?»

«ሌባ! አሥራ አንድ ዓመት በቤቴ እያስገባሁህ የፉርጎዬን እግር የምትነቅል ሌባ!»

«ኧረ በማርያም፣ ጋሼ!» አለች ፋንታነሽ።

አንተ ፊቴን አላየህም። እጄን አየህ። እኔ እጄን ኪሴ ከተትሁት፤ ያን ጊዜ ለምን እንደከተትሁት እንኳ አላሰብሁበትም። ፉርጎዋን ቀስ ብለህ ሐዲዱ ላይ አሳረፍሃት፣ ሌሎቹን አራት በጣትህ ነካ ነካ አደረግሃቸው፣ ከዚያ ፊት ለፊትህ ቆሜ ሳለሁ ስልኩን አነሳህ።

«ደብረ ማርቆስ፣ ባቡርህ ደህና ገብቷል» አልህ። ደብተርህ ላይ ጻፍህ። ስልኩን አስቀመጥህ። ጃኬትህን ይዘህ ወጣህ። በሁለተኛው ሳምንት እቃህን ጭነህ ሉማሜ፣ እውነተኛዋ ሉማሜ፣ ልጅህ ዘንድ ገባህ ሲሉኝ «ሄደ! የሸሸ ሰው ጥፋቱን አመነ» ብዬ ለፋንታነሽ ነገርኋት። መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች ነበር፤ በጣም ረዥም ጊዜ ክር አስገባች።

እንግዲህ ሉማሜን እሷ ያዘች። የመጀመሪያዋ ቅዳሜ፣ «ልነሳ?» «ይምጡ።» ላክሁ። አንድ ደቂቃ አልሞላም።

«ደብረ ማርቆስ፣ ባቡርዎ አልገባም። ከሰባቱ ሦስቱ ሐዲድ ስተዋል፣ አንዱ የጮቄን ግርጌ ይዞ ወርዷል።»

«ምን?»

«የሰሙትን ነው ጋሼ።»

«ጸጋው ነው ይህን ያስተማረሽ!»

«እኔን ዓይኔ እንጂ ጋሽ ጸጋው አላስተማረኝም።»

በሳምንቱ አራት ሳቱ። በሦስተኛው ሳምንት አምስት። በራሴ ደንብ ሦስቱን ሞላሁ፤ እሷ ግን ደንቡን አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ሴራ ነው አልሁ። ጸጋው ከመሄዱ በፊት ሐዲዱን በሚስጥር አጣምሞት ሄዷል። ማስመሪያና ማጉያ መነጽር ይዤ ሦስት ቀን ሙሉ በሆዴ ተኝቼ ከደጀን እስከ አማኑኤል ለካሁት። ቀጥ ያለ ነው። ድመቷን ጠረጠርሁ፤ ክፍሉን ዘጋሁባት። ወንጌላዊት አቧራ ስትጠርግ ነክታው ይሆናል ብዬ መጥረጊያውን ደበቅሁ። ልጅቱ «አባባ፣ ምን እየሆኑ ነው?» አለችኝ። «ሰው ሁሉ በባቡሬ ላይ ተነስቷል» አልኋት።

አንድ ከሰዓት፣ ሰው በሌለበት፣ ማጉያውን ሐዲዱ አጠገብ አቁሜ ፉርጎዋን ሳሳርፍ በጎን አየሁ። የሚንቀጠቀጠው መሬቱ መሰለኝ። ጎማዋ ሐዲዱን ትነካና ትዘልላለች፣ ትነካና ትዘልላለች፤ በመጨረሻ ግማሿ ከሐዲዱ ውጭ አርፋ ተቀመጠች። ከጣቢያዬ ሳትነሳ ሐዲድ ስታለች። ማጉያው ውስጥ ጣቴ የዱባ ያህል ሆኖ ይታያል፤ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ብታይ! ይስማው ትዝ አለኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እጄን በእጄ ያዝሁት፤ ሁለቱም ተንቀጠቀጡ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። እኔ ባቡሩን ሐዲድ እንደሳተ እየላክሁት፣ ሉማሜ እንዴት «ደህና ገባ» ትለኝ ነበር?

ወደ ወንበርህ ሄድሁ። ደብተርህን ትተኸው ሄደህ ነበር። ይቅር በለኝ፣ ገለጥሁት፤ መጋረጃ የገለጠን ሰው ደብተር ከመግለጥ ምን ይከለክለዋል? በእያንዳንዱ መስመር «ደህና ገባ»፣ «ደህና ገባ»፣ «ደህና ገባ» ይላል። ከየካቲት 9 ቀን 2016 ጀምሮ ግን ዳር ላይ በእርሳስ የተደረገች አንዲት ነጥብ አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ የለችም። ከዚያ አንድ። ከዚያ ሁለት። ክረምቱን ሁለት ሁለት ይላል። በ2017 ፋሲካ ሦስት። መስከረም 24 ላይ፣ ሌባ ባልሁህ ዕለት፣ አምስት ነጥብ። አቀርቅረህ፣ ስድቤ ገና ጆሮህ ላይ እያለ፣ አምስት ነጥብ! ለካ የሳቱትን ፉርጎዎች አንድ በአንድ ሐዲዱ ላይ እየመለስህ፣ ቁጥራቸውን በነጥብ ይዘህ ነበር «ደህና ገባ» የምትለኝ።

የሉማሜን ፉርጎዎች፣ የራስህን፣ አንድ በአንድ ገለበጥኋቸው። ቀይ ነጥብ። ቀይ ነጥብ። ቀይ ነጥብ። ወርቅማዎቹ እግሮቼ በሙሉ ካንተ ፉርጎ ሥር አሉ፤ ያንተ ጠርዘ ጥልቆቹ ከእኔ ሥር።

ፋንታነሽን አስጠራኋት። «ይህ ምንድን ነው?» አልኋት።

ጎንበስ ብላ አየች። «ጠርዙ ጠለቅ ያለ እግር ሐዲድ ቶሎ ይይዛል ጋሼ። እጅ ትንሽ ቢዛነፍም ይይዛል። ለእርስዎ እንዲቀልልዎት ብሎ ነው የለወጠው።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና ዝም አልሽኝ?»

«አስምሎኝ ነዋ! ‹ራሱ ሲያየው ያየዋል፤ እስኪያየው ድረስ እኔም አንቺም አናሳየውም› ብሎኝ። ይስማውን ያሉትን ሰምቷል አይደል? ‹እንዳላማው ለይስማው የተናገረውን ቃል መልሶ ስለ ራሱ መስማት የለበትም› አለኝ።»

«ታዲያ አንቺስ? ከሄደ በኋላ አንቺስ ለምን አልሸፈንሽልኝም?»

ጸጋው፣ ፋንታነሽን ታውቃታለህ፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናግራ አታውቅም። ያን ቀንም አላደረገችም። «እኔ የእሱ ዓይነት አንጀት የለኝም» አለች። «የሸፈነልዎትን ሰው በእኔ ፊት ሌባ ብለው ካባረሩ በኋላ ደግሞ እኔ ልሸፍንልዎት? አላደርገውም ጋሼ።»

ሄደች። ተከትዬ ልጠራት አሰብሁ፤ ምን ብዬ?

እኔ ግን እኔ ነኝና ከዚህም በኋላ መጠርጠሬን አልተውሁም። ስለ እግሮቹ ገባኝ፤ ነጥቦቹስ? ለምን ቆጠርህ? ለልጅ ልጄ ልታሳይብኝ? እኔ ከሞትሁ በኋላ ለይስማው እያነበብህ ልትስቅ? ወይስ አንድ ቀን በደንቡ ልታወርደኝ? ይህን ይዤ ስብሰለሰል ወንጌላዊት ደብተሩን ከፊቴ አነሳችውና ዳሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «አባባ፣ ይህን ማን ነው የጻፈው?» አለችኝ። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ፤ ደብተርህንም ይዛ። ሐኪሙ «መቼ ጀመረዎት?» ሲለኝ «ትናንት» አልሁት። እሷ ገለጠችና «የካቲት 9 ቀን 2016» አለች። «እየባሰ የሄደው እንዴት ነው?» ሲል ነጥቦቹን አሳየችው። ሐኪሙ ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ በጥሞና አየ፤ «በሽተኛ ይህን የመሰለ ማስታወሻ ይዞ መጥቶልኝ አያውቅም» አለ። መድኃኒት ጀምሬያለሁ። እጄን አያድነውም፤ ያዘገየዋል አለኝ።

ይህን አስበህ ነው የጻፍኸው? ወይስ ሐዲድ ላይ የሆነን ነገር ሁሉ መጻፍ ልማድ ሆኖብህ? ይህን ሳትነግረኝ እንዳትሞት።

አንድ ነገር ግን አንተ ሳትነግረኝ ገብቶኛል። ሌባ ስልህ አንዲት ቃል ብትናገር ነጻ ትወጣ ነበር። «እጅህ ነው» ብትለኝ እዚያው ፋንታነሽ ፊት የምዋረደው እኔ ነበርሁ። ያችን ቃል ይዘሃት ወጣህ። ሉማሜ የገባኸውም ከስድቤ ሸሽተህ እንዳልሆነ እጠረጥራለሁ፤ እዚህ ከቆየህ ሰው «ምን አጣላችሁ?» ብሎ ይጠይቅሃል፣ አንተ ደግሞ ሰው አፍጥጦ ሲጠይቅህ መዋሸት አትችልም። መነጽርና ማስነጠስ ለስልክ ነው የሚሆነው።

ባለፈው ረቡዕ ይስማው ዘንድ ሄጄ ነበር። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ «ምን ልትታዘብ መጣህ?» አለኝ። ሁለቱንም እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። አያቸው፣ አያቸው፣ ከዚያ የእሱን አጠገባቸው ዘረጋ። ማንኛችን እንደምንብስ ስንከራከር ሻዩ ቀዘቀዘ። «ጠጁን ቀንስ» አለኝ ስወጣ። ይገባኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ደንቡን በራሴ ላይ አነበብሁት። ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ ፋንታነሽና ወንጌላዊት እየሰሙ። ደብረ ማርቆስን ለፋንታነሽ አስረከብሁ። ከዚያ ደንቡን ራሱን ሰረዝሁት፤ ማውጣት የቻለ መሰረዝ ይችላል። ይስማው ወደ ደጀን ይመለሳል። እኔ እንግዲህ ጀሶ አቡካለሁ፣ ጦስኝ እተክላለሁ፣ ሰው እሰድባለሁ። ሉማሜ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። እዚያ እንድትቀመጥ መለመን የእኔ ነው፤ መመለስና አለመመለስ ያንተ ነው። ብትመለስ ግን አንድ ነገር ቃል ትገባልኛለህ፤ የእኔ እጅ የነካው ነገር ሐዲድ የሳተ እንደሆነ «ሳተ» ትለኛለህ። ሁለተኛ መነጽርህን እንዳትጠርግብኝ።

ሌባ ያልሁህ በፋንታነሽ ፊት ስለሆነ፣ ቃሌን የማነሳውም በእሷ ፊት ነው። የፊታችን ማክሰኞ ከእሷ ጋር በጠዋቱ ሚኒባስ እንመጣለን። አንተ ቤት ካልተገኘህ ደጅህ ላይ ተቀምጬ የአይናለምን ጎረቤቶች በወሬ ስፈጅ እውላለሁ፤ ለልጅህ ስትል ብትገኝ ይሻላል። ይህን ደብዳቤ በእጄ የጻፍሁትም ከእኔ በፊት እጄን እንድታየው ብዬ ነው። አንተማ ከእኔ አስቀድመህ አይተኸው ነበር፤ እንግዳ የሆነው ለእኔ ነው።

ማክሰኞ በርህ ተደጋግሞ ቢንኳኳ ተቆጥቼ ወይም ቸኩዬ የመጣሁ እንዳይመስልህ። የማንኳኳው አንዴ ነው፤ የቀረው የእጄ ነው።

ወዳጅህ
እንዳላማው